ሄደር ከሄደ በኋላ፦ በፒኤችፒ የምላሽ ሄደሮችን ደረጃ በደረጃ መያዝ

ለጥምቀት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የእንግዳ ማረፊያ ላላቸው አንድ ጋሼ የክፍል ማስያዣ ገጽ ሠርቼ አስረክቤአለሁ። ላፕቶፔ ላይ ያለ እንከን ይሠራ ነበር። ሰርቨር ላይ በጫንኩት ማግስት፣ ማታ ላይ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ሰውየው ክፍል ልያዝ ብሎ ቢጫነው ገጽህ በእንግሊዝኛ ሰደበው እኮ!»

ከፍቼ አየሁት። ነጭ ገጽ፣ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ። ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «የሄደር መረጃውን መቀየር አልተቻለም፤ ሄደሮቹ ቀድመው ሄደዋል» ይላል። ሄደር ማለት ሰርቨሩ ከገጹ አስቀድሞ ለብራውዘሩ የሚልከው መግለጫ ነው። ገጹን የጻፍኩበትን የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፒኤችፒን፣ የነካ ሰው ሁሉ ይህቺን መስመር ያውቃታል። እኔም ከዚያ በፊት ገጥማኝ ነበር። ኮዱን ወደ ላይ ወደ ታች እያገላበጥኩ፣ በዕድል ነበር የምገላገላት። ያን ሌሊት ግን ቁጭ ብዬ ነገሩን ከሥሩ አየሁት። ከታች ያለው ያን ሌሊትና ከዚያ ወዲህ የተማርኩት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የሄደሮቹንና የፈንክሽኖቹን ስም አፋችን ላይ እንዳሉ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ። ኮድ ላይ ስታሰፍሯቸው ግን በላቲን ፊደል ነው። ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ለለመደ ሰው አይመችም። በጣት መጻፉ ግን ነገሩን ቶሎ ያስለምዳል ባይ ነኝ።

1. መጀመሪያ ዓይናችሁ ይየው

ሄደር ገጹ ላይ አይታይም። የማይታይ ነገር ደግሞ በግምት አይጠገንም። ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ላይ ኤፍ12ን ተጫኑ። ኔትወርክ የሚለውን ክፈቱ፣ ገጹን ሪፍሬሽ አድርጉ፣ ከሚመጣው ዝርዝር የመጀመሪያውን መስመር ንኩ። የምላሽ ሄደሮቹ ተዘርዝረው ታገኛላችሁ።

ተርሚናል ለሚወድ ከርል የሚባል ትእዛዝ አለ። ከርል ብላችሁ፣ ሰረዝና ትንሿን አይ አስከትላችሁ፣ አድራሻውን ጻፉ። ትንሿ አይ ሄደሩንም ገጹንም ታሳያለች። ትልቋ አይ ሄደሩን ብቻ ታመጣለች። የምትልከው ጥያቄ ግን ሄድ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ፣ አንዳንዱ ስክሪፕት ለእሷ የተለየ መልስ ይሰጣታል። እኔ ትንሿን እመርጣለሁ።

የምታዩት ይህን ይመስላል፦

ኤችቲቲፒ/1.1 200 ኦኬ
ኮንቴንት-ታይፕ: ቴክስት/ኤችቲኤምኤል; ቻርሴት=ዩቲኤፍ-8
ካሽ-ኮንትሮል: ኖ-ካሽ
ሴት-ኩኪ: ላንግ=አም; ፓዝ=/

የመጀመሪያው መስመር ነገሩ እንዴት እንደሆነ በቁጥር ይናገራል። ከሥሩ ያሉት ሄደሮች ናቸው፤ ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ዋጋ። ከዚያ አንድ ባዶ መስመር ይመጣል። ከባዶው መስመር በታች ያለው ሁሉ ገጹ ራሱ ነው። ስሞቹ በትልቅ ፊደልም ተጻፉ በትንሽ ለውጥ የለውም። ኤችቲቲፒ 2 ላይ ሁሉም በትንሽ ፊደል ሆነው ብታዩዋቸው አትደንግጡ።

ያቺን ባዶ መስመር ልብ በሉልኝ። ጣጣው ሁሉ ከእሷ ይመጣል።

2. አውቶቡሱ አዘዞን ሳያልፍ

ከጎንደር አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በአውቶቡስ ዕቃ ስትልኩ ካርቶኑ ላይ ስም ትጽፋላችሁ፣ ስልክ ትጽፋላችሁ፣ «ተሰባሪ ነው» ትላላችሁ። አውቶቡሱ ከከተማው መውጫ ያለችውን አዘዞን ካለፈ በኋላ «ውይ፣ ስልኩን ተሳስቻለሁ» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ሄደርም እንደዚያው ነው። ስክሪፕታችሁ ከገጹ አንዲት ፊደል እንኳ ካወጣ፣ ፒኤችፒ ሄደሮቹን ዘግቶ፣ ባዶዋን መስመር ጨምሮ ይልካቸዋል። ከዚያ በኋላ ሄደር የሚለውን ፈንክሽን ብትጠሩ የምታገኙት ያቺን ስድብ ነው።

ስለዚህ ስክሪፕቱን ከሁለት ክፈሉት። ላይኛው ግማሽ ያስባል፤ ፎርሙን ይቀበላል፣ ዳታቤዝ ይጠይቃል፣ ይወስናል፣ ሄደር ይልካል። ታችኛው ግማሽ ይናገራል፤ ኤችቲኤምኤሉን ያወጣል። ላይኛው ግማሽ ውስጥ አንድም ኤኮ፣ ጽሑፍ የሚያወጣው ትእዛዝ ማለት ነው፣ አይኑር።

ይህን አድርጋችሁም ስህተቱ ከመጣ ማስጠንቀቂያውን ደግማችሁ አንብቡ። ሁለት ፋይል፣ ሁለት የመስመር ቁጥር ይጠቅሳል። መጨረሻ ላይ ያለው ተበዳዩ ነው፤ ሄደር የጠራችሁበት ቦታ። በቅንፍ ውስጥ «ውጤት መውጣት የጀመረው እዚህ ነው» የሚለው ደግሞ በዳዩ ነው። ጀማሪ ሁሉ ተበዳዩን ይደበድባል። እናንተ በቅንፍ ውስጥ ያለውን ክፈቱ።

እዚያ የምታገኙት አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ከፒኤችፒው መክፈቻ ምልክት በፊት ያለ ባዶ ቦታ ወይም ባዶ መስመር። ከመዝጊያው ምልክት በኋላ የቀሩ ባዶ መስመሮች፤ ፒኤችፒ ብቻ በያዘ ፋይል መጨረሻ ላይ መዝጊያውን ጭራሽ አትጻፉት፣ አያስፈልግም። ለሙከራ ብላችሁ ጥላችሁ የረሳችሁት ኤኮ። ወይም ቀድሞ የታተመ ሌላ ማስጠንቀቂያ፤ እሱም ራሱ ውጤት ነው። እንዲህ ከሆነ ቀድሞ የመጣውን ማስጠንቀቂያ ስትፈቱት የሄደሩ አብሮ ይጠፋል።

የእኔ ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ማስጠንቀቂያው የኮንፊግ ፋይሉን መስመር 1 ይጠቁማል። መስመር 1 ላይ ደግሞ ከመክፈቻው ምልክት በቀር ምንም የለም። ዓይኔን እስኪያመኝ አየሁት።

ነገሩ ወዲህ ነው። የማረፊያውን ስም በአማርኛ ላስገባ ብዬ ፋይሉን በአንድ የቆየ ኮምፒውተር ኖትፓድ ከፍቼው ነበር። የድሮው ኖትፓድ ዩቲኤፍ-8 (የአማርኛንም ፊደል የሚይዘው የፊደል አቀማመጥ) ብላችሁ ሴቭ ስታደርጉ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቦም የሚባል ሦስት ባይት ይጨምራል። ስክሪን ላይ አይታይም። ለፒኤችፒ ግን የሚወጣ ጽሑፍ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚጽፍ ሰው ዩቲኤፍ-8ን መምረጥ ትዝም ስለማይለው ቦም እምብዛም አይገጥመውም። እኛ ግን ዘው ብለን እንገባበታለን። ከዊንዶውስ 10 የ1903 ዕትም ወዲህ ኖትፓድ ይህን በራሱ አይጨምርም። ቪኤስ ኮድ ላይ ከታች በስተቀኝ ያለውን የኢንኮዲንግ ስም ንኩ። «ዊዝ ቦም» የሚል ካያችሁ ያለ ቦም ሴቭ አድርጉት። አለቀ።

ታዲያ ላፕቶፔ ላይ ለምን ሠራ? መልሱ አውትፑት በፈሪንግ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገለበጠው የፒኤችፒ ማዋቀሪያ ፋይል ላይ 4096 ተብሎ ተሞልቷል። ይህ ማለት ፒኤችፒ የመጀመሪያዎቹን 4096 ባይቶች ወዲያው አይልክም፤ እጁ ላይ ይይዛቸዋል። አውቶቡሱ መናኸሪያ ቆሞ ይጠብቃችኋል ማለት ነው። የሰርቨሩ ግን 0 ነበር። ሌላም ወጥመድ አለው። ገጻችሁ ትንሽ ሳለ ይሠራል፣ ሲያድግ ይሰበራል። የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ በ4096 ባይት ውስጥ የሚገባው 1365 ፊደል ብቻ ነው። አንድ አጭር ጽሑፍ ይሞላዋል።

ስክሪፕቱ አናት ላይ ኦቢ-ስታርትን ጠርታችሁ ሁሉንም ውጤት ማቆየት ትችላላችሁ። በስንት መድረክ ላይ ይህን እንደ መድኃኒት ሲሰጡት አይቻለሁ። እኔ አልወደውም። ሕመሙን አያድንም፣ ያስታግሳል። ልማድ ብታደርጉት የምመክራችሁ ይህንን ነው፦ ላፕቶፓችሁ ላይ በፈሪንጉን 0 አድርጉት። ስህተቱ እቤታችሁ ይምጣ፣ ጋሼ ጋ አይሂድ። ከተጠራጠራችሁም ሄደርስ-ሴንት የሚባለውን ፈንክሽን ሁለት ባዶ ቫሪያብል ሰጥታችሁ ጥሩት። መውጣት የጀመረበትን ፋይልና መስመር ይሞላላችኋል።

3. አማርኛው አማርኛ ሆኖ እንዲደርስ

ኮንቴንት-ታይፕ የምትልኩት ነገር ምን እንደሆነ ለብራውዘሩ ይነግረዋል። ከፒኤችፒ 5.6 ወዲህ ምንም ባትጽፉ ራሱ ቴክስት/ኤችቲኤምኤል ብሎ፣ ቻርሴቱን (የፊደል አቀማመጡን) ዩቲኤፍ-8 አድርጎ ይልካል። ሰርቨሩ ላይ ያለ ሌላ ማዋቀሪያ ግን ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ በእጃችሁ ጻፉት። ሄደር ብላችሁ፣ በጥቅሱ ውስጥ ኮንቴንት-ታይፕ፣ ሁለት ነጥብ፣ ቴክስት/ኤችቲኤምኤል፣ ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቧ፣ ቻርሴት እኩል ይሆናል ዩቲኤፍ-8።

ይህ ሲበላሽ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ወደ ሦስት እንግዳ ምልክቶች ይበታተናል፤ የመጀመሪያው ሁልጊዜ ጭረት ያናቱ ትንሿ የላቲን ኤ ነው። ገጹ በእነዚህ ጭረታም ኤዎች ከተሞላ ፎንት አትፈልጉ። ቻርሴቱ ነው። ኤችቲኤምኤሉ ውስጥ ሜታ ታግ ብትጽፉም ሄደሩ ሌላ ካለ የሚሰማው ሄደሩ ነው።

ዳታ ብቻ የሚመልስ ስክሪፕት ከሆነ አፕሊኬሽን/ጄሰን በሉት። ፎቶ ከሆነ ኢሜጅ/ጄፔግ።

ጋሼ ቀጥለው «እንግዳው ደረሰኙን ያውርድ» አሉኝ። ለማውረጃ ኮንቴንት-ዲስፖዚሽን የሚባል ሄደር አለ። አታችመንት ብላችሁ ፋይልኔም ትሰጡታላችሁ። ስሙን «ደረሰኝ» ብዬ በፊደል ባስቀምጠው በአንዱ ብራውዘር ሠራ፣ በሌላው ቆሻሻ ሆኖ ወጣ። መፍትሔው ስሙን ሁለት ጊዜ መስጠት ነው። አንደኛው በላቲን የተጻፈ ተራ ፋይልኔም ነው፤ ለቆየ ብራውዘር። ሁለተኛው ኮከብ የተጨመረበት ፋይልኔም ነው። እሱ ላይ ዩቲኤፍ-8፣ ሁለት ነጠላ ጥቅስ፣ ከዚያ ሮ-ዩአርኤል-ኢንኮድ ያደረጋችሁት የአማርኛ ስም ይገባል። ጥቅሶቹ ባዶ ይመስላሉ፤ ግን አይቀሩም።

ኮንቴንት-ሌንግዝ ላይ ደግሞ ፊደል አትቁጠሩ፣ ባይት ቁጠሩ። «ጎንደር» አራት ፊደል ነው፤ 12 ባይት ነው። ፊደል የሚቆጥረውን ኤምቢ-ስትርሌንን ተጠቅማችሁ 4 ብትሉ ብራውዘሩ «ጎ»ን ከ«ን» ሲሶ ጋር ተቀብሎ ይዘጋል። ባይት የሚቆጥረው ስትርሌን ነው። ለተራ ገጽ ግን ይህን ሄደር ባትጽፉት ይሻላል። ሰርቨሩ ገጹን ጨምቆ ከላከ የእናንተ ቁጥር ውሸት ይሆናል።

4. እንግዳውን ወደ ሌላ ገጽ መሸኘት

ሎኬሽን የሚባለው ሄደር ብራውዘሩን «ወደዚያ ሂድ» ይለዋል። ሎኬሽን ብቻ ከላካችሁ ፒኤችፒ ቁጥሩን 302 ያደርገዋል፤ «ለጊዜው እዚያ ነው» ማለት ነው። አድራሻው ሙሉ መሆን አለበት የሚል የድሮ ሕግ ነበር። ከ2014 ወዲህ በእዝባር (/) የሚጀምር አጭር አድራሻም ይፈቀዳል።

ዋናው ነገር ከሎኬሽን በኋላ ኤግዚት መጻፍ ነው። ሄደር መላክ ስክሪፕቱን አያቆመውም። «ካልገባህ ወደ መግቢያው ሂድ» ብላችሁ ኤግዚት ካልጻፋችሁ፣ ከሥሩ ያለው የአስተዳዳሪ ገጽ ሙሉ በሙሉ ይላካል። ብራውዘር ታዛዥ ነውና አያሳየውም። ከርል ግን ቁልጭ አድርጎ ያሳየዋል። በሌላ ሰው ገጽ ላይ አይቼ ክው ብያለሁ።

ቁጥሩ ራሱ ጉዳይ አለው። ጋሼ ጋ አንድ እንግዳ ለከተራ ሌሊት አንድ ክፍል ሦስት ጊዜ ይዞ ተገኘ። ሰውየው ኔትወርክ ሲንቀረፈፍበት ሪፍሬሽ እየነካ ነበር፤ ሪፍሬሹ ደግሞ ፎርሙን እንደገና ይልካል። መፍትሔው ፎርሙን ተቀብሎ፣ መዝግቦ፣ ወዲያው ወደ «ተይዞልዎታል» ገጽ በ303 መሸኘት ነው። ሄደር ፈንክሽን ሦስተኛ ቦታ ላይ ቁጥር ይቀበላል፤ ሁለተኛው ላይ ትሩ፣ ሦስተኛው ላይ 303 ጻፉ። 303 ማለት «ሥራው አልቋል፣ ውጤቱን እዚያ ሄደህ እይ» ነው። ከዚያ በኋላ ያሻውን ያህል ሪፍሬሽ ቢያደርግ የሚደገመው የውጤቱ ገጽ ብቻ ነው።

301ን ግን ተጠንቀቁት። «ለዘለዓለም ተዛውሯል» ማለት ነው፤ ብራውዘሩም አምኖ ይይዘዋል። ተሳስታችሁ ብትልኩት ሰርቨሩን ብታስተካክሉም የእንግዳው ስልክ የድሮውን እያስታወሰ ይሄዳል። መጀመሪያ በ302 ሞክሩ፣ እርግጠኛ ስትሆኑ ቀይሩት።

አድራሻውን ከተጠቃሚው ተቀብላችሁ በቀጥታ ሎኬሽን ላይ አታስቀምጡ። አጭበርባሪ በእናንተ ስም ሰው ወደ ራሱ ገጽ ይሸኝበታል። የምትፈቅዷቸውን አድራሻዎች ዝርዝር ይዛችሁ ከእሱ ጋር አስተያዩት።

5. እውነተኛውን ቁጥር መናገር

የሌለ ክፍል ሲጠየቅ «አልተገኘም» የሚል ቆንጆ ገጽ እያሳዩ 200 የሚልኩ ብዙ ናቸው። ሰው ይገባዋል፣ ጉግል ግን ያለ ገጽ መስሎት ይመዘግበዋል። ኤችቲቲፒ-ሪስፖንስ-ኮድን በ404 ጥሩት። ዳታቤዙ ከወደቀ 500፤ ለጥገና ከዘጋችሁ 503፣ ከሪትራይ-አፍተር ጋር፣ ስንት ሰከንድ እንደሚጠብቅ ነግራችሁ።

6. ካሽ፣ ለዘገምተኛ ኔትወርክ

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። እንግዳው የፋሲል ግንብን ፎቶ በየገጹ እንደገና ቢያወርድ የሚያልቀው የራሱ ፓኬጅ ነው። ካሽ ብራውዘሩ ያወረደውን ለሌላ ጊዜ የሚያስቀምጥበት ነው፤ ካሽ-ኮንትሮል ይህን ይቆጣጠራል።

ስሞቹ ያሳስታሉ። ኖ-ካሽ «አታስቀምጥ» የሚል ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን «አስቀምጥ፣ ከመጠቀምህ በፊት ግን ጠይቀኝ» ነው። «ጭራሽ አታስቀምጥ» የሚለው ኖ-ስቶር ነው። የእንግዳ ፓስፖርት ቁጥር ያለበት ገጽ ኖ-ስቶር ይሁን። በኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር ላይ መቅረት የለበትም። ለማይለወጥ ፎቶ ማክስ-ኤጅ ስጡ፤ ቁጥሩ በሰከንድ ነው፣ አንድ ሳምንት 604800።

ለክፍል ዋጋ ገጽ ኖ-ካሽን ከኢታግ ጋር አጣምሬ እጠቀማለሁ። ኢታግ የገጹ አሻራ ነው። የገጹን ይዘት በኤምዲ5 አሳጥራችሁ፣ በድርብ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ትልኩታላችሁ። ብራውዘሩ በሚቀጥለው ጊዜ ኢፍ-ነን-ማች ብሎ ያንኑ አሻራ ይመልስላችኋል። ከአሁኑ ጋር አንድ ከሆነ 304 («አልተለወጠም») ልካችሁ ኤግዚት በሉ። ገጹ አይላክም። ጥቂት መቶ ባይት ተመላልሶ ነገሩ ያልቃል።

አሁን ሰዓቱ። ኤክስፓየርስና ላስት-ሞዲፋይድ የሚባሉት ሄደሮች ቀን ይይዛሉ፤ ቀኑ በግሪንዊች ሰዓት መሆን አለበት። እኛ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ 9 ይላል፣ ሄደሩ ላይ ደግሞ 6 መጻፍ አለበት። ሦስት ዓይነት ሰዓት፣ አንድ ጠዋት! በዴት ፋንታ ጂኤም-ዴትን ተጠቀሙ፣ መጨረሻው ላይ ጂኤምቲ ጨምሩ። ዴትን ብትጠቀሙ «ላስት-ሞዲፋይድ» ወደፊት የሚመጣ ሰዓት ይሆናል። ማክስ-ኤጅ ይህን ሁሉ ስለማያውቅ እወደዋለሁ፤ ከኤክስፓየርስ ጋር አብሮ ከተላከም የሚሠራው እሱ ነው።

ሴሽን ስትጀምሩ ኤክስፓየርስ ላይ ኅዳር መሳይ ቀን፣ 19 ኖቬምበር 1981 ብታዩ ቫይረስ አይደለም። ፒኤችፒ ገጹ እንዳይቀመጥ ሆን ብሎ ያለፈ ቀን ይልካል። ካልፈለጋችሁት ከሴሽን-ስታርት በፊት ሴሽን-ካሽ-ሊሚተርን ጥሩ።

ፎቶዎቹ ግን በፒኤችፒ በኩል አያልፉም። ሰርቨሩ ራሱ ነው የሚያድላቸው። ስክሪፕታችሁ ላይ የጻፋችሁት ካሽ-ኮንትሮል እነሱን አይነካም። አፓቼ ከሆነ በኤችቲአክሰስ ፋይሉ፣ ኤንጂንኤክስ ከሆነ በአድ-ሄደር ታስቀምጣላችሁ። ኤንጂንኤክስ ላይ አንድ ጉድ አለ። ውስጠኛው ብሎክ ላይ አንድ አድ-ሄደር ከጻፋችሁ የውጪውን ብሎክ አድ-ሄደሮች በሙሉ አይወርስም። እንደገና መጻፍ አለባችሁ።

7. ኩኪ

ኩኪ ብራውዘሩ አስቀምጦ ተመልሶ ሲመጣ እንዲያሳያችሁ የምትሰጡት ትንሽ መረጃ ነው። ሄደር ፈንክሽን ያው ስም ሁለት ጊዜ ከመጣ የፊተኛውን ይተካዋል። ለኮንቴንት-ታይፕ ጥሩ ነው። ሴት-ኩኪን ሁለት ጊዜ ስትልኩ ግን የመጀመሪያው ኩኪ ይጠፋል። ወይ ሁለተኛው ቦታ ላይ ፎልስ ጻፉ፣ ወይ እንደ እኔ ሴትኩኪ የሚባለውን ፈንክሽን ተጠቀሙ። ከፒኤችፒ 7.3 ወዲህ አማራጮቹን በአሬይ ይቀበላል። ኤችቲቲፒ-ኦንሊን ትሩ አድርጉ፣ ጃቫስክሪፕት እንዳይነካው። ሴኪዩርን ትሩ አድርጉ፣ ያልተመሰጠረ መስመር ላይ እንዳይወጣ። ሴም-ሳይትን ላክስ በሉት፣ ከሌላ ድረ ገጽ በተላከ ፎርም አብሮ እንዳይመጣ። የላካችሁትን ኩኪ ግን በዚያው ጥያቄ ላይ አታገኙትም። የሚመለሰው ብራውዘሩ ቀጥሎ ሲመጣ ነው።

8. ሰርቨሩ ብዙ እንዳያወራ

ኤክስ-ፓወርድ-ባይ የሚባለው ሄደር የፒኤችፒያችሁን ዕትም ለዓለም ያውጃል። ማዋቀሪያው ላይ ኤክስፖዝ-ፒኤችፒን ኦፍ አድርጉት። ኤክስ-ኮንቴንት-ታይፕ-ኦፕሽንስን ኖስኒፍ በሉት። እንግዳ የሚጭነው «ፎቶ» ውስጡ ስክሪፕት ቢሆን ብራውዘሩ ራሱ ገምቶ እንዳያስኬደው። «በተመሰጠረ መስመር ብቻ ክፈተኝ» የሚለውን ስትሪክት-ትራንስፖርት-ሴኪዩሪቲን ግን ሰርተፊኬታችሁ በአግባቡ መታደሱን ሳታረጋግጡ ለአንድ ዓመት አትስጡ። በ300 ሰከንድ ጀምሩ። ሰርተፊኬቱ ጊዜው ካለፈ ያ ሄደር የደረሰው ብራውዘር ገጹን አይከፍትም፣ «ችግር የለም፣ ልግባ» የሚለውን ምርጫም ይነሳል።

9. ሰርቨሩ ላይ እንደገና ማየት

ላፕቶፕ ላይ ያያችሁትን አትመኑ። ከጫናችሁ በኋላ ከርልን በእውነተኛው አድራሻ ላይ አስኪዱ። እኔ አራት ነገር አያለሁ፦ የመነሻ ገጹን፣ ፎርሙን ልኬ የሚመጣውን 303፣ አንድ የሌለ ገጽ፣ አንድ ፎቶ። አንድ ሄደር ሁለት ጊዜ ከመጣ ስክሪፕቱም ሰርቨሩም ጽፈውታል ማለት ነው። አንዱን አጥፉ።

ያን ሌሊት ቦሙን አውጥቼ እንደገና ስጭነው መብራት ሊሄድ አሥር ደቂቃ ያህል ቀርቶት ነበር። ጋሼ ጠዋት ደወሉ። «አሁን በአማርኛ ነው የሚያናግረው» አሉኝ።